ባዶው ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ሰው

ይህን ከማንም አልሰማሁትም። ያደረግሁት እኔው ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬም ራሴን ይቅር አላልኩም።

ቦነስ አይረስ። ጥር ወር፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል።

ሥራዬ የሥነ ልቦና ምክር ነው። ክፍሌ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት።

ደንበኛዬ ኔሊዳ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍባት ነበር። ሰውየው ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ፈገግ ትላለች!

እሷ ፈገግ ስትል እኔ እበግናለሁ።

አስተማሪዬ ወይዘሮ ኢርማ አስጠንቅቀውኝ ነበር። "ቁጣው ያንቺ ነው ወይስ የእሷ? ራሷ ሳትዘጋጅ አትጎትቻት።"

አልሰማኋቸውም።

የዚያን ቀን ፊት ለፊቷ ባዶ ወንበር አስቀመጥኩ። በሙያችን የተለመደ ነው፤ የበደለን ሰው እዚያ እንዳለ ተቆጥሮ የልብ ይነገረዋል።

"አባትሽ ነው እንበል። ንገሪው።"

"ዛሬ ይቅርብኝ፣ ዶክተር..."

"ንገሪው!"

"እባክሽ ቀስ በይ... ይሰማል።"

"ይስማ! ልጁን ቆልፎ ምሳውን ሲበላ የኖረ አረመኔ፣ ይስማ!"

ወንበሩ ሲጢጥ አለ...

የመቀመጫው መሐል ቀስ ብሎ ጎደጎደ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሆነው።

ሙቀቱ ነው አልኩ።

ኔሊዳ ግን አንገቷን ደፍታ ታዳምጥ ነበር። "እሺ... እሺ፣ አባዬ..."

"ምን አለሽ?"

"ማነው የጠራኝ እያለ ነው።"

መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ ወንበሩ ላይ ጮህኩበት።

"ውጣ! ከዚህ ውጣ!"

የጎደጎደው መቀመጫ ተመልሶ ተነፋ።

የኔሊዳ ዓይኖች ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወጡ... ወደ እኔ መጡ... ከትከሻዬ ኋላ ቆሙ።

ፈገግታዋ ጠፍቷል።

"ዶክተር... ዞር እንዳትዪ።"

አልዞርኩም። አንገቴ ላይ የትምባሆ ትንፋሽ ነበር።

"ተቆጥቷል" አለች በሹክሹክታ። "ሲቆጣ አውቀዋለሁ። አብሬው ልሂድ፣ አንቺን እንዳይነካሽ።"

"ኔሊዳ፣ ተቀመጪ!"

"አንቺ አትችዪውም።"

ወጣች። በሩ በቀስታ ተዘጋ። ትንፋሹም ከአንገቴ ላይ ጠፋ።

የታችኛው በር ሲዘጋ ስሰማ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። "ኔሊዳ!" ብዬ ተጣራሁ። አልዞረችም።

በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሌለበት መንገድ፣ ብቻዋን ትሄዳለች።

አንድ እጇ ግን ከራሷ በላይ ወደ ጎን ተሰቅሏል...

ረጅም ሰው ይዞ እንደሚጎትታት ሕፃን።