የኑሃሚን የጉንጭ ቀለሞች

ዋና ኢንስፔክተር ዘሪቱ ኦይታ በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ጫፍ ላይ ያለውን የወይዘሮ አስቴርን ፎቅ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ይዛ ሁለት ጊዜ ቆመች። ጡረታዋ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፤ ጉልበቷ ግን ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ሟቿ የወደቀችበት የግቢው ሲሚንቶ ታጥቧል። ማን እንዳጠበው ስትጠይቅ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ዘሪቱ መቆጣት እንኳ አላሰኛትም። በሥራ ዘመኗ ሰው ሞቶበት ያልታጠበ ሲሚንቶ ያየችበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

«ራሷን ነው የጣለችው» አለ ሳጅን ዳልጮ፣ ከኋላዋ እየተከተለ። «ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። እጮኛዋ ትቷት ነበር።»

«ሰፈሩ አይቷል?»

«ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማንም አላየም።»

«ያላየ ሰው ሁልጊዜ እርግጠኛ ነው» አለች ዘሪቱ።

ሟቿ ኑሃሚን ትባላለች። የገረሴ ልጅ ናት፤ አርባ ምንጭ ተምራ፣ እዚያው ቢሮ ተቀጥራ፣ ፎቁ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ከክፍሏ ፊት ያለው በረንዳ ገና መከለያ አልተሠራለትም። ጫፉ ላይ የተደረደረው ብሎኬት ከጉልበት አያልፍም። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ሲሚንቶ እስኪረክስ እየጠበቁ ነበር።

ዘሪቱ ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ግን ከደረጃው ሥር የተቀመጡ አንዲት ሴት ጠሯት። የሟቿ እናት እማማ በለጥሽ ነበሩ። ከገረሴ የመጡት ጭቃ በነካው ጫማቸው ነው። የዘሪቱን የአባት ስም ሲሰሙ በጋሞኛ ያዋሯት ጀመር።

«ልጄ ራሷን ጥላ ከሆነ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አያስዘምሩላትም። ዝም ብላችሁ ቅበሯት ብለውኛል። ቀብሯ ነገ ነው። ያንቺ ምርመራ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እውነቱን ሳላውቅ መናገር አልችልም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ዛሬ እወቂው» አሉ እማማ በለጥሽ። ዘሪቱ ደከማት። ዛሬ የሚሉ እናቶችን ብዙ አይታለች፤ ለአንዳቸውም ዛሬ ደርሳላቸው አታውቅም። ቢሆንም ራሷን ነቀነቀች።

የኑሃሚን ክፍል ንጹሕ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መስታወት፣ ከመስታወቱ ጎን ደግሞ ረጅም መደርደሪያ። መደርደሪያው ላይ የተደረደረው ሁሉ የጉንጭ ቀለም ነው፤ በትንንሽ ክብ ዕቃ ውስጥ የተጫነ ደረቅ ዱቄት፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ከነጣ ሮዝ ጀምሮ እስከ በሰለ ቲማቲም ድረስ በቀለሙ ቅደም ተከተል ተቀምጧል። አንዳንዱ ከፋብሪካ የታተመበት አበባ እንኳ አልተነካም። አንዳንዱ በብሩሽ ብዛት መሃሉ ጎድጉዷል። ዘሪቱ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ ከቫዝሊን ሌላ ፊቷ ላይ ያሳረፈችው ነገር የለም። ቢሆንም አንድ ሰው በትንሽ ደሞዙ እንዲህ አድርጎ የሚወደውን ነገር ሲሰበስብ ማየት ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ደስታው ጠፋባት።

መሃል ላይ ያለው አንዱ ዓይኗን ያዘው። ክዳኑ አርጅቶ ጽሑፉ ተፍቋል፣ ጠርዙም ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ያለው ቀለም ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፣ መሃሉ እንኳ አልጎደጎደም። የታተመ አበባ የለውም። በጣቷ ስትነካው ተለጠፈባት። አሸተተችው፤ መርፌ የሚወጋበት ክፍል ዓይነት ሽታ ሸተታት።

«ዳልጮ፣ ማታ ክፍሉን ፎቶ አንስተሃል?»

«ወይዘሮ አስቴር ከፍተውልኝ በስልኬ አንስቻለሁ። ከዚያ መልሰው ቆለፉት።» ስልኩን ሰጣት። ዘሪቱ ፎቶውን አየች፣ መደርደሪያውን አየች፣ ደግማ ፎቶውን አየች።

«ይህን ፎቶ እንዳታጠፋው» አለችው። ከዚያ በረንዳው ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ለመነሳት የዳልጮን እጅ ፈልጋለች። በብሎኬቱ ሥር፣ በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ያን ቀለም የሚመስል ፍርፋሪ ገብቶ ነበር።

መጀመሪያ የቀረበችው የሟቿ ጓደኛ ሐዊ ናት። ሲቀላ ሰፈር ባለ የሴቶች ውበት ሳሎን ውስጥ ሙሽራ ታስውባለች። ጆሮዋ ላይ ሦስት ጌጥ ተደርድሯል፤ ኩሏ በእንባ ወርዶ ጉንጯን አጥቁሮታል።

«ማታ የት ነበርሽ?»

«ሳሎን። ለዛሬ ሙሽራ ልምምድ ስናደርግ መብራት ጠፋ፤ በስልክ መብራት ነው የጨረስነው። ሙሽሪትም ሚዜዎቿም ነበሩ።»

«ኑሃሚን ከቀለሞቿ የትኛውን ትወድ ነበር?»

ሐዊ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «የመጀመሪያ ደሞዟን ያወጣችበትን ነዋ። መሃሏ አልቆ ከሥር ያለው ቆርቆሮ ወጥቷል። ለኛ ቆርቆሮው ሲወጣ ኩራት ነው፤ እስከ ታች ድረስ ተወደደ ማለት ነው። ይኸው፣ ትናንት ከሰዓት የለጠፈችው ቪዲዮ ላይ አለች።»

ስልኳን አሳየቻት። በቪዲዮው የኑሃሚን እጅ ይታያል፤ ብሩሹ መሃሉ ላይ ቆርቆሮ የሚያበራ ቀለም ነክቶ የአንዲት ሴት ጉንጭ ላይ ያርፋል። ፊቷ አይታይም፤ ጉንጭና ጆሮ ብቻ። ጆሮው ላይ ጌጥም የጌጥ ቀዳዳም የለም።

«ይህ የማን ጉንጭ ነው?»

«እኔ እንጃ። የሷ አይደለም።»

«ቀለሙ ወድቆ ቢሰበር ትጥሉታላችሁ?»

«ኧረ ምን በወጣው! እንፈጨዋለን፣ አልኮል ጠብ እናደርግበታለን፣ በጨርቅ እንጫነዋለን። ሌሊቱን አድሮ ይደርቃል። ኑሃሚን ለስንቱ አስተምራለች።»

ቀጥሎ የገባው ነህምያ ነው፤ ትቷታል የተባለው እጮኛ። መምህር ነው። ሳይላጭ መጥቷል።

«ማታ ከተማሪዎቼ ጋር አባያ ሐይቅ ዳር ነበርኩ። ስንመለስ ነው የሰማሁት» አለ ሳይጠየቅ። «ኢንስፔክተር፣ በእኔ ምክንያት ነው የሞተችው?»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አልተጣላንም። ቤተሰብ መሃል ሲገባ ሁለታችንም ደከመን፣ ተውነው። ኑሃሚን ግን የምትሰበር ሰው አልነበረችም። አልቅሳ ሳትጨርስ ከአዲስ አበባ አዲስ ቀለም አዘዘች። እንዲያውም ለምን ቶሎ ተጽናናሽ ብዬ ተናደድኩባት።» ይህን ሲል አፈረ። ዘሪቱንም አሳዘናት።

ወይዘሮ አስቴር በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች አገልግሎት አስተባባሪ ናቸው። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

«ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ልጄ ኢየሩስ ደረጃው ሥር ቆማ ‹ራሷን ጣለች› እያለች ትጮኻለች። ጎረቤት እየገባ ዕቃ እንዳይነካ ብዬ ወዲያው ክፍሏን ቆለፍኩ። ሁሉም ሰው አይቷል። ልጅቷ ፊቷን ስለምትቀባ እኔ ከበሯ አልፌ አላውቅም፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን መቀባት ነውር ነው።»

«ከፖሊስ በኋላስ ማን ከፈተው?»

«ማንም። ቁልፉ ከአንገቴ አልወረደም።»

«ስትተኙም?»

ወይዘሮ አስቴር ክሩን ነካ አደረጉ። «ስተኛ ራስጌዬ አኖረዋለሁ።»

ልጃቸው ኢየሩስ የመዘምራን ቡድን መሪ ናት። ለዘሪቱ ውሃ ይዛ ገባች። ፀጉሯ ወደ ኋላ ታስሯል፤ ጆሮዋ እንደ ሕፃን ጆሮ ባዶ ነው።

«ከልምምድ ስመለስ ወድቃ አገኘኋት» አለች።

«ወድቃ ያገኘሻትን ልጅ ራሷን እንደጣለች በምን አወቅሽ?»

«ሁሉም እንደዚያ ብሏል።»

«ካንቺ በፊት ማን አለ?»

ኢየሩስ የውሃውን ብርጭቆ ወደ ዘሪቱ ገፋ አደረገችው። ዘሪቱ ውሃውን ጠጥታ አመሰገነቻት፣ ልታገባ አስባ እንደሆነም ጠየቀቻት። የፊታችን እሁድ ከአንድ ወንጌላዊ ጋር መታጨቷ በጉባኤው ፊት ይታወጃል። ዳልጮ ከቤተ ክርስቲያኗ ተመልሶ ሲመጣ የነገራት አጭር ነው፦ መብራት ሲጠፋ ልምምዱ ወዲያው ተበትኗል፤ ኢየሩስም ከሁሉም ቀድማ ሮጣ ወጥታለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በወይዘሮ አስቴር ሳሎን ተሰበሰቡ። እማማ በለጥሽ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዘሪቱም ቆማ መናገር ስላልቻለች ወንበር ሳበች።

«ሐዊ፣ ይህን ታውቂዋለሽ?» ያን ያረጀ ዕቃ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሐዊ ጎንበስ አለች። «ያቺ የምትወዳት ናት። ግን… ቆርቆሮዋ የታለ? ማነው የሸፈናት?»

«ትናንት ከሰዓት ቆርቆሮው ወጥቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ተሸፍኖ አገኘሁት። ተሰብሮ ተጠግኗል። የተፈጨው ዱቄት ሲጫን በሁሉም ቦታ እኩል ተዳርሶ የጎደለውን ሸፈነው። የጠገነው ሰው ደህና አድርጎ ሠራሁ ብሎ ይሆናል።»

«ራሷ ጠግናው ቢሆንስ?» አለ ነህምያ።

«እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። የሳጅን ዳልጮ ፎቶ ግን አለ። ማታ እሷ ከሞተች በኋላ የተነሳ ነው፤ እዩት፣ መደርደሪያው መሃል ላይ ክፍት ቦታ አለ። ይህ ዕቃ ማታ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፣ ጠዋት ተመልሷል። የሞተ ሰው ዕቃ አይመልስም። ፍርፋሪውን ደግሞ በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ከወደቀችበት በላይ አገኘሁት። ስለዚህ ስትወድቅ አብሯት ሰው ነበረ። ቀለሙ በመካከላቸው ተሰበረ። ያ ሰው ጠብ እንዳይታወቅ ይዞት ሄደ፤ ቦታው ባዶ ከሆነ ሐዊ ታውቃለች ብሎ ደግሞ ጠግኖ መለሰው። ክፍሉ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ያደረው እዚህ ቤት ነው።»

ወይዘሮ አስቴር ተነሡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የቤት ኪራይ ተነጋግረን ተጣላን። እኔ ነኝ የገፋኋት። ልጄን ተዉአት።»

ዘሪቱ ቀና ብላ አየቻቸው። እሷም ልጆች አሏት። «እሺ ወይዘሮ አስቴር። ቀለሙን በምን ጠገኑት?»

«በ… በውሃ። በውሃ አርሼ።»

«ውሃ ከነካውማ ይበላሻል» አለች ሐዊ ሳታስበው።

«አዎ» አለች ዘሪቱ። «የተጠገነው በአልኮል ነው። ይህን ለማወቅ ኑሃሚን ስትሠራ አጠገቧ መቀመጥ ያስፈልጋል። እርስዎ ልጅቷ ፊቷን ትቀባለች ብለው ከበሯ እንኳ አልፈው እንደማያውቁ ነግረውኛል። አጠገቧ የተቀመጠችው ይቺ ናት።» የሐዊን ስልክ ከፍታ ጉንጩንና ያልተበሳውን ጆሮ አሳየች። «ጆሮዋ ያልተበሳ ሴት በዚህ ሳሎን ውስጥ አንዲት ብቻ ናት።»

«እማዬ፣ ተይ ተቀመጪ» አለች ኢየሩስ። ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር፤ ከሌሊት ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የቆየች ትመስላለች።

«አንድ ቀን ብቻ ቀቢኝ አልኳት። መስታወት ሳይ ደስ አለኝ። ፊትሽን አላሳይም አለችኝ፣ አላሳየችም። ልምምድ ላይ ልጆቹ ቪዲዮውን ሲያዩ ግን አንዷ ‹ይህን ጆሮ አውቀዋለሁ› ብላ ሳቀች። መብራት ሲጠፋ ሮጬ መጣሁ። ቪዲዮውን አጥፊው፣ እሁድ መታጨቴ ሊታወጅ ነው አልኳት። ‹ማን ያውቅሻል› ብላ ሳቀችብኝ። ቀለሙ በእጇ ነበር፤ ስመታው በረንዳው ጫፍ ላይ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ገፋኋት። እንድትሞት አልነበረም። እንድትሰማኝ ነበር።»

ወይዘሮ አስቴር ቁልፉ የተንጠለጠለበትን ክር በእጃቸው ጨብጠው አለቀሱ። ሌሊት የራስጌው ቁልፍ ቦታውን ለቅቆ አግኝተውት ነበር፤ አውቀው ዝም ብለዋል። ዘሪቱ ይህን ሌላ ቀን ትጠይቃቸዋለች። ዛሬ አቅሙ የላትም።

እማማ በለጥሽ በአማርኛ የተባለውን ሁሉ አልተረዱትም ነበር። ዘሪቱ አጠገባቸው ሄዳ በጋሞኛ ነገረቻቸው፣ ምንም ሳታለሳልስ። እማማ በለጥሽ ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«አልዘለለችም?»

«አልዘለለችም። የወደቀባትን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ነው የተገፋችው።»

አሮጊቷ ተነሥተው ኢየሩስ ፊት ቆሙ። በተሰባበረ አማርኛ፣ ቀስ ብለው ጠየቋት፦ «ልጄ ስትወድቅ ምን አለ?»

ኢየሩስ አንገቷን ደፋች። «ስሜን ጠራች።»

«ስምሽን ጠራ። አንቺ ደግሞ ራሷን ጣለ አልሽ።»

ኢየሩስ መሬት ላይ ተቀመጠች። እማማ በለጥሽ አልሰደቧትም፣ አልነኳትም። ፊታቸውን ወደ ዘሪቱ መለሱና እጃቸውን ለስልክ ዘረጉ። ዘሪቱ የገረሴውን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቁጥር ጠይቃ ደወለችላቸው።

«እኔ ነኝ፣ የኑሃሚን እናት» አሉ በጋሞኛ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ሳሎኑን ሞላው። «መዘምራኑን ሰብስቡ። ነገ ለልጄ ትዘምሩላታላችሁ። ሁላችሁም። እስኪበቃኝ ድረስ።»