በማህተም የታሸገው ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር ጠጋኙ ሰዒድ ከደሴ የደወለልኝ ጅንካ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ ነው፣ እጄ አፈር ስለነበር ስልኩን በትከሻዬ አጣብቄ ነበር የማናግረው፣ «እታለም፣ ያን የቢሯችሁን ኮምፒዩተር ዛሬ ፈታሁት» አለኝ። ያለ ልማዱ ቀልድ አልጨመረበትም። «ምነው?» ስለው፣ «የድምፅ ካርድ የለውም፣ ወላሂ፣ ቦታው ባዶ ነው» አለኝ። ቲማቲሙን እዚያው ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እመኑኝ፣ እኔ እንዲህ ያለውን ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ያደግኩት ሙት አይናገርም ተብሎ በሚሰበክበት ቤት ነው፣ ሰዎች ስለ ኮቴና ስለ ጥላ ሲያወሩ ተነስቼ የምሄድ ነበርኩ፣ ዛሬም ቢሆን እምነቴ ያው ነው። ስለዚህ የምጽፈውን እንደ ትምህርት አትውሰዱብኝ፣ እንደሆነው ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ያኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። እትዬ ወርቄ የሚባሉ ደረታቸውን የሚያማቸው እናት ነበሩን፣ ሳላቸውን ምእመኑ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሁለቱ አጭር ሦስተኛው ረጅም ነው፣ ሰባኪው እንኳ ሦስተኛው እስኪያልፍ ይጠብቃቸው ነበር። አንድ ልጃቸው ሐና ተጣልታቸው ቤሩት ሄዳለች፣ ስትወጣ በንዴት «በድኔ ላይ እንዳትቆሚ» ብለዋት ነበር። በግንቦት ወር አንድ ቀን ቢሮ መጡና፣ «ልጄ፣ ለሐና አንድ ቃል ልተውላት፣ በዚህ ማሽን ቅጂልኝ፣ እሷ እስክትመጣ ግን አንቺም እንዳትሰሚው» አሉኝ፣ ቃል ገባሁ፣ ማይክሮፎኑን ሰጥቼ መቅጃውን አስነሳሁና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ሐምሌ ላይ ዐረፉ። ሐና ለቀብሩ አልደረሰችም፣ እንዳሉትም በድናቸው ላይ አልቆመችም።

በመካከሉ ኮምፒዩተሩ ታመመ፣ አንድ ስሙን የማልጠራው ባለሙያ ፈታትቶ ዊንዶው ቀየረለት፣ ፋይሎቹ ተረፉ፣ ግን ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም፣ ፍላሽ አያነብም፣ ፕሪንተሩንም አያውቀውም። ድራይቨር ጎድሎት ነው ተባለ፣ ድራይቨር ማለት ማሽኑን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው፣ ሰዒድ «አስተርጓሚው» ነው የሚለው። በዚያው ሰሞን ከአንድ ጎረቤት ቢሮ ሜሞሪ ተሰርቆ ስለነበር፣ ሦስቱ ሽማግሌዎቻችን በሳጥኑ ብሎኖችና በጀርባው ላይ ወረቀት ለጥፈው የቤተ ክርስቲያኗን ማህተም መቱበት፣ ሦስቱም ፈረሙበት፣ ሦስቱ ፈርመው ሳይፈቅዱ እንዳይከፈት ብለውም ወሰኑ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሐና የመጣችው በነሐሴ ነው። በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ለማግስቱ አውሮፕላን ማምሻውን ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ነበረባት፣ እኔም ከፒያሳ ሰዒድን ጠራሁት፣ አንድ ፌስታል ሙሉ የድራይቨር ሲዲ ይዞ መጣ፣ አንዱን ጭኖ ያስነሳል፣ ዝም፣ ሌላውን ጭኖ ያስነሳል፣ ዝም።

«ድራይቨር ብቻ ቢጎድለው ቢጫ ምልክት ያሳየኝ ነበር» አለ፣ «ይኼ ግን አፍ እንዳለውም አያውቅ። ልክፈተውና ሀርድ ዲስኩን ሱቄ ወስጄ ላሰማት፣ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።»

«ማህተም አለበት።»

«ማህተሙን አልበላው።»

«ሳይፈርሙ አይሆንም፣ ሰዒድ።»

«የእናንተ ሽማግሌዎች ገነትም የሚገቡት በቃለ ጉባኤ ነው» አለ። ሐና አልሳቀችም። ሽማግሌዎቹ ኮምቦልቻ ጾም ጸሎት ላይ ነበሩ፣ ስልካቸውን ዘግተዋል። ልጅቱ የእናቷ እርግማን ይነሳላት አይነሳላት ሳታውቅ ልትሄድ ነው፣ እኔ ደግሞ አንድ ወረቀት እጠብቃለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

«እሺ፣ ሲሄድ እንኳ ልየው» አለች ሐና። ፋይሉን ከፈትኩላት፣ አራት ደቂቃ ከምናምን ይላል፣ ትንሿ መስመር ያለ ድምፅ መሄድ ጀመረች፣ እሷም ወንበሯን አስጠግታ የእናቷን ፊት እንደምታይ ሁሉ መስመሯን ታያለች። ሰዒድ ለአስር ሰላት ሊተጣጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ዘግቶት ነበር፣ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንጂ ሌሊት አልነበረም፣ ይህን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ስፒከሩ ጭ አለ። ቀጥሎ ትንፋሽ መጣ፣ በጠባብ ደረት የሚመላለስ ትንፋሽ፣ ከዚያ ሳል፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከዚያ «ሐንዬ» አለ።

ቃሌ ትዝ አለኝ፣ ተነስቼ ወጣሁ፣ በድንጋጤ በሩን አልዘጋሁትም። ሰዒድ እጅጌው እንደራሰ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ተገናኘን፣ «ሠራላችሁ እንዴ?» ብሎ ገና ወደ ውስጥ አንገቱን ሲያስገባ፣ ያ ድምፅ ጥርት ብሎ «በሩን ዝጉት፣ ብርዱ ገባ» አለ። ሐና ወደ እኛ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ በሩን ገፋችው። ከዚያ በኋላ ከእንጨቱ ወዲያ የሰማነው ቃሉ የማይለይ፣ ቀስ ያለ የሰው ድምፅ ብቻ ነው።

ስትወጣ አላለቀሰችም። ትከሻዬን ሳመችኝ፣ «ጌታ ይባርክሽ» አለች፣ ሻንጣዋን አንስታ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ሰዒድ ገብቶ ፋይሉን እንደገና አስነሳው፣ ዝም። ደግሞ አስነሳው፣ ዝም። የድምፅ መሣሪያ የለም ይላል ማሽኑ።

«በግንቦት ሲቀዱ በሩ ክፍት ነበር?» አለኝ።

«እኔ ራሴ ነኝ የዘጋሁት። ደግሞ ያን ቀን ሙቀት ነበር።»

ሰዒድ ሲዲዎቹን ሰብስቦ ወጣ፣ የድካሙን እንኳ አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ አገባሁ፣ በባለቤቴ ሥራ ምክንያት እዚህ ጅንካ መጣሁ፣ ነገሩንም ድራይቨሩ ለአፍታ ይዞ ለቀቀ እያልኩ ለራሴ አስረዳሁት፣ ሰዒድ እስኪደውል ድረስ በዚህ እተኛ ነበር። አሁን ቤተ ክርስቲያኗ አሮጌ ዕቃ ስታስወግድ ኮምፒዩተሩን እሱ ወሰደው፣ ማህተሙ ሳይነካ፣ ሦስቱም ፊርማ እንዳለ ነበር፣ እሱ ነው የቀደደው። ስፒከሩን ከምንሰካባት የፊት ቀዳዳ የሚነሳው ሽቦ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ካርዱ የወጣው ከመታሸጉ በፊት ነው ማለት ነው፣ እኛ ያሸግነው ዲዳ ሳጥን ነበር።

ሀርድ ዲስኩ መሳቢያው ውስጥ ነው። «እታለም፣ ሱቄ ላይ ላጫውተው?» ይለኛል፣ «ያ የበሩ ቃል ካለበት ቢያንስ ከአንዱ እንገላገላለን።» ከሌለበትስ? ሦስት ሌሊት ጸልዬበታለሁ።

ሐና፣ ስልክሽ ተቀይሯል፣ ያሉሽንም አልጠይቅሽም፣ ያ የአንቺና የእናትሽ ነው። ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ ግን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ በሩን የገፋሽው ሰምተሽ ነው ወይስ በርዶሽ? ይከፈት ካልሽም የቃሉ ባለቤት አንቺ ነሽ። ሰዒድ፣ አንተንም እለምንሃለሁ፣ እሷ እሺ እስክትል ድረስ ማህተም እንዳለበት ቁጠረው።