ነርሷ ለምን ይቅር አለችው?

«ባሌን ገድዬዋለሁ። መጥታችሁ ውሰዱኝ።»

ስልኩን ያነሳው ተረኛ ፖሊስ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ሴትዮዋ ግን አድራሻዋን ረጋ ብላ ነገረችውና፣ ደረጃው ላይ አንዱ ንጣፍ ስለተነሳ ስትወጡ እግራችሁን እዩ ብላ አከለችበት። ለፖሊስ እግር የሚጨነቅ ገዳይ ገጥሞት ስለማያውቅ ጉዳዩን ለመርማሪዋ አስተላለፈው።

መርማሪዋ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጠፍጣፋ ጫማ የምታዘወትር ጎልማሳ ናት። ሰው ሲዋሻት ትታገሣለች፤ ራሱን ሲወነጅል ግን ደሟ ይፈላል። «ሥራዬን እየቀሙኝ እኮ ነው» ትላለች።

ሟቹ ደራሲ ነበር። ሰሞኑን የወጣው ልቦለዱ የአንድ ሆስፒታል ሠራተኞችን ተራ በተራ ስለሚፈጅ ገዳይ የሚተርክ ነው። በየምዕራፉ አንድ ሰው ይሞታል፤ አንባቢው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ሌላው ይደገማል። ያን ሁሉ ሬሳ ወረቀት ላይ የደረደረ ሰው አሁን ከጽሕፈት ጠረጴዛው አጠገብ በጎኑ ተጋድሟል። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተበጥሷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አንድ እጁ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው ተዘርግቷል።

ሚስቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች። የባሏ የልጅነት ጓደኛ የሆነው ሐኪም እጇን ይዟል። ስትደውልለት ከክሊኒኩ ሮጦ መጥቶ የጓደኛውን ዓይን የከደነው እሱ ነው።

«አስም ነው» አለ ሐኪሙ። «ከልጅነቱ ጀምሮ ነበረበት። እባክዎን እሷን አያስጨንቋት። በስሕተት የሆነ ነገር ነው፤ ማንም ላይ ይደርሳል።»

«ምኑ ነው በስሕተት የሆነው?»

ሚስቲቱ ራሷ መለሰች። «ጠዋት እሱ ወጣ ሲል ክፍሉን ጠረግሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ኮተት ሁሉ ሰብስቤ መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀልኩት። እህቴ ደወለችልኝ፣ ወሬ ያዘኝ። ግማሹን መልሼ ግማሹን እንደተሰቀለ ትቼ ወደ እሷ ሄድኩ። ስመለስ...» ወደ መደርደሪያው አናት ጠቆመች። እዚያ ጫፍ ላይ፣ አፍ ውስጥ የሚነፋው የአስም መድኃኒት፣ እነሱ «ፓፍ» የሚሉት፣ ከቀረው ኮተት ፈንጠር ብሎ ቆሟል። «እሱ አጭር ነው። ወንበር ስቦ ለመውጣት አቅም አላገኘም። ሌላ ፓፍ ግዢልኝ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ፓፉን ስትሰቅዪው አይተሻል? በእጅሽ ይዘሽዋል?»

«ከኮተቱ ጋር ይሆናላ! ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

መርማሪዋ ክፍሉን ስትቃኝ ዓይኗ የጠረጴዛው መብራት ላይ አረፈ። አንገቱ ተጠምዝዞ ብርሃኑ የሚወድቀው ደራሲው በሚጽፍበት ቦታ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ባለው የእንግዳ ወንበር ላይ ነው። የሟቹ መነጽር ታጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል።

«ይህን መብራት አንቺ ነሽ ያዞርሽው?»

«እኔ? ቢቆጣኝስ! መብራቱን ማንም እንዲነካበት አይወድም።»

«እንግዳ ይመጣበታል?»

«ከንባብ ክበባችን ሰዎች በቀር ማንም ደጃችንን አይረግጥም።»

የንባብ ክበቡ አባላት ከባልና ሚስቱ ጋር አምስት ናቸው። የመጽሐፍ መደብሩ ባለቤት፣ አንድ ጡረታ የወጣ መምህርና ሐኪሙ ቀሪዎቹ ናቸው። በሳምንቱ መጀመሪያ በመደብሩ ጓዳ ተሰብስበው፣ ደራሲው ራሱ ባለበት፣ በአዲሱ መጽሐፍ ላይ አስተያየታቸውን ሰጥተው ነበር።

መርማሪዋ በማግሥቱ ጠዋት ወደ መደብሩ ሄደች። የመደብሩ ባለቤት ዓይኗ አብጧል።

«እኛ ነን የጨረስነው» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። «ሰው ፊት እንዲያ ይባላል? ሚስቱ ሳትቀር 'ከሬሳው ብዛት ራሴን አመመኝ' አለችው።»

«መጥፎ ነበር እንዴ መጽሐፉ?»

«ኧረ በጭራሽ! እንደ ዳቦ ነው የተሸጠው። ፍጥነቱ! በተለይ መሐሉ ላይ ያለችው ዝላይ! ገዳዩ እናቱን ቀብሮ ሲመለስ ምዕራፉ ያበቃል፤ ገጽ ስትገልጪ ነርሷ ቤት ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ልቤ አፌ ውስጥ ነበረች። አንድ ደንበኛዬማ 'እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም' አለኝ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የነቀፋችሁት?»

«ነርሷ በመጨረሻ ገዳዩን ይቅር ትለዋለች። ለምን? ምንም ምክንያት የለም። ከሰማይ ዱብ ያለ ይቅርታ ነው። ሁላችንም ይህንኑ አልን። ዶክተሩማ ሳቀበት፤ 'ይቺ ነርስ ወይ ቅድስት ናት ወይ ጅል' ብሎ። ደራሲው ፊቱ ተለዋወጠና አንዱን ቅጂ ከመደርደሪያ አውርዶ ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ ምንም ሳይል ወጣ። አኩርፎ ነው ብለን ዝም አልን።»

መምህሩ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ስሕተት ለቅመው ስለማይጠግቡ ሰፈሩ «ቀይ እስክሪብቶ» ይላቸዋል፤ ዛሬ ግን እስክሪብቶውም ድፍረቱም የለም።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን እንዴት አገኙት?»

«ልጄ፣ ስለ መጽሐፉ አትጠይቂኝ። 'ይህን መጨረሻ ተማሪ ጽፎት ቢሆን ዜሮ ነበር የምሰጠው' አልኩት። እንቅልፍ ነሣኝ እኮ። አፌን በቆረጠው!»

«የነርሷን ይቅርታ ነው?»

«እሱን ነው። ደጋግሜ አነበብኩት፣ ምክንያት የለውም።» ቀና ብለው አዩዋት። «ራሱን ነው እንዴ ያጠፋው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«አላጠፋም» አለችና ተሰናብታቸው ሄደች።

ሐኪሙ በሁለት በሽተኞች መሐል አስገባት። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ እጁም ንጹሕ ነው፤ ዓይኑ ግን ያልተኛ ሰው ዓይን ነው። ደራሲውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ክበቡ ላይ እንደሆነ፣ ትናንት ከሰዓት በቢሮው ብቻውን እንደነበር ነገራት።

«እኔ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላነብም» አለች መርማሪዋ። «ሬሳ በሥራዬ ይበቃኛል። ግን ያነጋገርኩት ሁሉ ያማዋል። መጨረሻው አይረባም ይላሉ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የሞተ ሰው መልስ አይሰጥ፣ ምን ይላቸዋል! መጽሐፉ አልገባቸውም ማለት ነው። ሆስፒታሉ ነርሷን ባልሠራችው ጥፋት ሲያባርራት፣ ዕቃዋን ታቅፋ በዝናብ ስትወጣ፣ የሥራ ባልደረቦቿ በመስኮት ቆመው ያዩዋታል። ዣንጥላ ይዞ እስከ ቤቷ የሸኛት እሱ ብቻ ነው፤ ገዳዩ። ይህን ያደረገላትን ሰው እንዴት ይቅር አትለውም?» እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ። «ጥሩ ጸሐፊ ነበር። ይህን ማንም ሊነፍገው አይገባም።»

«እርስዎም በዕለቱ ይህን ነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ ደስ ይለው ነበር» አለችና ተነሣች።

ከዚያ ማንበብ የማትወደውን መጽሐፍ ከመደብሩ ገዝታ፣ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጣ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ሬሳ ሞልቷል። ዝናብም አለ። ዣንጥላ ግን የለም። ወደ መሐሉ ተመለሰች፤ ሁሉም ወዳሞገሳት ዝላይ። የግራውን ገጽ ቁጥር አየች፣ የቀኙን አየች። ሻይዋን ሳትጨርስ ወደ ማተሚያ ቤቱ ገሰገሰች።

ከሰዓት በኋላ የመጽሐፍ መደብሩ በር ላይ «ዝግ ነው» ተሰቀለ። በጓዳው ውስጥ ሚስቲቱ፣ የመደብሩ ባለቤት፣ መምህሩና ሐኪሙ ተቀመጡ። መርማሪዋ አምስተኛ ሰው አስከትላ ገባች፤ እጁ ላይ ቀለም የማይለቀው፣ ግንባሩን በመሐረብ የሚጠርግ አታሚ።

«ትናንት እዚያ ክፍል ውስጥ እንግዳ ነበር» ብላ ጀመረች። «መብራቱ የዞረው ወደ እንግዳው ነው። የደራሲው መነጽር ኪሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚያነበው እንግዳው ነበር፤ ደራሲው ተቀምጦ ያየዋል። ምን ነበር የሚያነበው? ያ ክፍል በመጻሕፍት የተሞላ ነው፤ የራሱ አዲስ መጽሐፍ ግን አንድም ቅጂ የለም። እስቲ፣ የትኛው ደራሲ ቤት ነው እንዲህ የሚሆነው?»

ወደ አታሚው ዞረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አታሚው። «መጽሐፍ በትልልቅ ወረቀት ይታተማል፣ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ እጥፎቹ ተደራርበው ይጠረዛሉ። መሐል ላይ አንዱ እጥፍ ሳይገባ ቀረ። የተሸጠው ሁሉ ጎደሎ ነው። ለማሳያ ብዬ አስቀድሜ የጠረዝኩት አንድ ቅጂ ብቻ ነው ሙሉው።»

የመደብሩ ባለቤት አፏን ያዘች። «ታዲያ ያ ፍጥነት... ያቺ ዝላይ...»

«ከጠራዡ ነች፣ እመቤቴ።»

«የገጽ ቁጥሩ ይዘላል» አለች መርማሪዋ። «ከእናንተ አንድም ሰው አላየውም።»

ቀይ እስክሪብቶ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ደራሲው ረቂቁን ለማንም አያሳይም፤ ለሚስቱም ጭምር። የጎደለውን ያወቀው እናንተ ስለ ነርሷ ስትነቅፉት ነው። ትናንት ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ሄዶ ያችን ሙሉ ቅጂ ተቀብሎ ወጣ። እስቲ ደረጃውን ወጥቶ ሲደርስ ምን እንዳደረገ ንገራቸው።»

«ትንፋሽ አጥሮት ነበር» አለ አታሚው። «ከኪሱ አውጥቶ ፓፉን ነፋ። ውሃም ሰጠሁት።»

ሚስቲቱ ብድግ አለች። «ትናንት ጠዋት?»

«አዎ፣ እህቴ። አንቺ ስትጠርጊ ፓፉ ከአንቺ ጋር አልነበረም፤ እሱ ኪስ ውስጥ ነበር። የሰቀልሽው ሌላ ነገር ነው። ፓፉ መደርደሪያው አናት ላይ የወጣው ከሰዓት ነው፤ የሰቀለው ደግሞ ከባልሽ ረዘም ያለ ሰው ነው።»

ሚስቲቱ ተመልሳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ እጆቿን አገላብጣ ብቻ አየቻቸው።

«አሁን አንድ ጥያቄ ይቀረናል» አለች መርማሪዋ። «ነርሷ ለምን ይቅር አለችው? ጋሼ?»

«አላውቅም። መጽሐፉ አይናገርም።»

«አንቺስ?»

«እኔም አላውቅም» አለች የመደብሩ ባለቤት።

«ዶክተርም በክበቡ ዕለት አያውቁም ነበር፤ ሳቁበት። ዛሬ ጠዋት ግን አወቁ። ዝናቡን፣ በመስኮት የቆሙትን ሰዎች፣ ዣንጥላውን ነገሩኝ። ዣንጥላው ያለው በጎደለው እጥፍ ውስጥ ነው። ያን እጥፍ የያዘው ቅጂ ከደራሲው ጋር ወደዚያ ክፍል ገባ፤ ሳይገኝም ቀረ። ዶክተር፣ መጽሐፉ የት ነው?»

ሐኪሙ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አቀበላት። ከዚያ «መኪናዬ ውስጥ ነው» አለ። «ልጥለው አልቻልኩም።»

«ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ አላገኝዎትም ነበር።»

«አውቃለሁ። ገድዬው ሳበቃ ደግሞ ሲያሙት መስማት... ቢያንስ እሱን ልከላከልለት ብዬ ነው።» ወደ ሚስቲቱ ሳያይ ቀጠለ። «ወጣት ሐኪም ሳለሁ፣ ተረኛ ሆኜ ተኝቼ በሽተኛ ሞተብኝ። ጥፋቱን ነርሷ ላይ አደረግሁት። ተባረረች። በዝናብ ስትወጣ መስኮት ላይ ነበርኩ። ይህን በሕይወቴ ለእሱ ብቻ ነው የነገርኩት። ትናንት ደውሎ 'የበደልኩህ ነገር አለ፣ ና ላሳይህ' አለኝ። ሰጠኝ፣ አነበብኩት። ሁሉም አለበት፤ ዣንጥላው ብቻ ነው ፈጠራው። ከኅትመቱ የጎደለው ይህ ነው አለኝ፤ መልሶ ሊያስገባው መስሎኝ አውጣው አልኩት። 'አውጥቼዋለሁ' አለኝ። ትዋሻለህ ብዬ ጮህኩበት። ያኔ ትንፋሹ ተያዘ። ፓፉን ከጠረጴዛው አንሥቼ ላይ ሰቀልኩት፤ 'መጀመሪያ ማልልኝ' አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ማለልኝ። በእናቱ ማለልኝ።»

«ታዲያ ለምን አላወረዱለትም?»

«ትንፋሽ ለማግኘት የማለ መሰለኝ። አላመንኩትም።»

አታሚው መሐረቡን ጨመደደ። «እውነቱን ነበር እኮ፣ ዶክተር» አለ ቀስ ብሎ። «ጠዋት የመጣው ለዚያ ነው። እጥፉን በሁለተኛው ኅትመት ላስገባልህ ስለው እንቢ አለኝ። 'አንባቢው ፍጥነቱን ወዶታል፤ እኔም የጓደኛዬን ገመና አደባባይ ማውጣት አልነበረብኝም። እንደጎደለ ይቅር' አለኝ። ነርሷስ ስለው፣ 'እሷማ ያለ ምክንያት ይቅር ትበለው' ብሎ ሳቀ።»

የትንፋሽ ማጠርን በየቀኑ የሚያክም ሰው የገዛ ትንፋሹን ፈለገ።

ሚስቲቱ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ሳለቅስ እጄን ይዘህ ነበር።»

«ይዤ ነበር።»

«በስሕተት ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል አልክላቸው። እኔ ላይ ጥለኸው ልትሄድ ነበር። እንደዚያችኛዋ።»

ሐኪሙ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«የት ናት?» አለችው።

«ማን?»

«ነርሷ። በሕይወት አለች? ልጆች አሏት? ሥራ አገኘች?»

«አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም።»

«ስሟስ ማን ነው? እንፈልጋት።»

ሐኪሙ አፉን ከፈተ። ግንባሩን አሻሸ፣ ዓይኖቹን ጨፈነ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሁሉም ጠበቁት። ከዚያ ዓይኖቹን ሲገልጥ፣ ጥፋቱን ሲናዘዝ ያልፈሰሰው እንባ ወረደ።

«ረሳሁት» አለ።