ያበጡ ፊደላት

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ እስከ ጅጋ ድረስ ከእኔ ከያምሮት ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩትም ሰንፌ ሳይሆን አስተማሪዎቹ የሚነግሩኝን ቀድሜ ስለማውቀው ነው። አቶ ንብረትን ማን እንደገደላቸውም ሬሳቸው ሳይነሳ፣ ፖሊስ ደብተሩን ሳይገልጥ፣ በአንድ እይታ አወቅሁ።

አቶ ንብረት መናኸሪያው አጠገብ ያለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ባለቤት ናቸው፤ ነበሩ ማለቴ ነው። ሱቁ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ እኔ አለን። እጽፋለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ኢንተርኔት የሚጠቀመውን ሰው ደቂቃ እይዛለሁ። በሩ ላይ «ዛሬ ኔት የለም» የሚለውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኔት ሲኖርም እዚያው ተለጥፎ ይውላል፤ ማን ይነቅለዋል?

ሐሙስ ዕለት ጠዋቱን በሙሉ ወረቀት ለማድረስ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ስዞር ቆየሁ። ስወጣ ጠጋኛችን፣ ድረስ የሚባለው ልጅ፣ ቫይረስ ሊያጸዳ አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሶ ነበር። ምሳዬን ቤት በልቼ ሰባት ሰዓት ላይ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ዘወትር በሩን ከፍቶ የሚይዘው፣ ድሮ መብራት ያመጣጥን የነበረው የተቃጠለ የብረት ስታቢላይዘር ቦታው ላይ የለም። ገፋ አድርጌ ገባሁ። አቶ ንብረት አንደኛው ኮምፒውተር ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ስታቢላይዘሩ አጠገባቸው ነው። ማጅራታቸው ደም ብቻ ነው።

ጮኽሁ። የቡሬ መኪና ተሳፋሪ ሳይቀር ወርዶ ወደ እኛ ጎረፈ።

እስኪደርሱ ግን ዓይኔ ሥራ አልፈታም። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደላት አብጠዋል፤ እያንዳንዷ ምልክት የሻይ ብርጭቆ ታክላለች፤ ቀለሙም ደብዝዟል። ፊደል የሚያሳብጠው ማነው? ማየት ያቃተው ሰው ነዋ! ከደንበኞቻችን መካከል መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል አንድ ሰው ብቻ አለ፦ ጋሽ ሃይለ ሚካኤል፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ስለ ንብ እርባታ የጻፉትን መጽሐፍ ሦስት ወር ሙሉ ስጽፍላቸው «ያምሮት፣ አሳድጊልኝ እስቲ፣ አይታየኝም» ሲሉ ነው የከረሙት።

ለሳጅኑ ነገርኩት። ጎረቤታችን ጨርቅ ሻጯ ንግሥቴ ደግሞ በምሳ ሰዓት ጋሼ «የሦስት ወር ልፋቴን ገደልከው!» ብለው ሲጮኹ መስማቷን ስትጨምርበት ነገሩ አለቀ። ጋሼን ከነመነጽራቸው በካቴና ይዘዋቸው አለፉ። አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና፦

«ያምሮት፣ የእጅ ጽሑፌን አደራ አስቀምጪልኝ» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ትኋኑ ነው ብዬ አለፍኩት።

አርብ ጠዋት ኢንስፔክተር እህተ ማርያም ከዞን ፖሊስ መጡ። አጭር፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ደሙን ገና ሳያዩ ስክሪኑን አዩ።

«ይህን ማን ነካው?»

«ማንም። መብራትም አልሄደም፤ ተአምር ነው። ኢንስፔክተር፣ ምስጢሩን ግን እኔ...»

«ሰምቻለሁ። ፊደሉን ያሳደጉት ጋሽ ሃይለ ሚካኤል ናቸው ብለሻል። ለመሆኑ ማውስ ይዘው ያውቃሉ?»

«ኧረ ይፈሩታል! እሳቸው አሳድጊልኝ ይሉኛል እንጂ...»

የተናገርኩትን ራሴው ሰማሁት። አፌን ዘጋሁ፤ ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው። ኢንስፔክተሯ ማውሱን ይዘው የኮምፒውተሩን ክፍሎች ዝርዝር ከፈቱ። ሁለት መስመሮች ላይ ቢጫ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እሱማ ሁልጊዜም አለ» አልኩ። አይቼው አላውቅም።

ጻፉት። ከዚያ ንግሥቴ በምሳ ሰዓት ሱቁ ደጃፍ ያየችውን ሌላውን ሰው አስጠሩ። አቶ ትዕዛዙ ይባላሉ፤ የቡሬ ተወላጅ፣ በቅርቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑ፣ ሱፋቸው እጥፋቱን ያልለቀቀ ሰው።

«ስድስት ሰዓት ላይ ገባሁ» አሉ። «ወንድሜ ቡሬ ላይ ወፍጮ ሊተክል ነው፤ ንብረት ስለ ማሽኑ ፊልም ከኢንተርኔት አሳየኝ።»

«በየትኛው ኮምፒውተር?»

«በዚሁ በአንደኛው።»

«ጥሩ ይታይ ነበር?»

«ምን ጥሩ ብቻ! ቀለሙ ጥርት ያለ፤ የስንዴዋ ፍሬ ትቆጠራለች። እያየን ሳለ ሽማግሌው እየጮኹ ገቡ። የሰው ጠብ ውስጥ አልገባም ብዬ ትቻቸው ወጣሁ።»

አላስችል አለኝና «በሩ ላይ ኔት የለም ይላል እኮ!» አልኩ።

«ያ ወረቀት መቼ ተነቅሎ ያውቃል፣ ያምሮት?» አሉ። ሳጅኑም ንግሥቴም ሳቁብኝ። ኢንስፔክተሯ ግን አልሳቁም። ቃላቸውን አስፈረሟቸው።

ጋሼ ደግሞ ከታሰሩበት የሰጡት ቃል ተቃራኒው ነው፦ «እኔ ስወጣ ትዕዛዙ ሲገባ በሩ ላይ ተገጫጨን። ንብረት በሕይወት ነበር።»

ሁለቱም መጨረሻ የወጣው ያኛው ነው ይላሉ። አንዱ ይዋሻል። ጋሼ ካልዋሹ ደግሞ በካቴና ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።

ኢንስፔክተሯ ሐዘን ቤት ሄደው የሟችን ሚስት ወይዘሮ በለጠችን አነጋገሩ። ድረስን ከጅጋ አስፈለጉት። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰቡን። ጋሼ ከሳጅኑ ጋር በር ሥር ተቀምጠዋል። ወይዘሮ በለጠች ጥቁር ለብሰዋል። አቶ ትዕዛዙ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። ድረስ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ሁለት ሲዲ ይዞ ቆሟል።

«ድረስ፣ ሐሙስ ጠዋት ምን ሠራህ?»

«ቫይረሱ አልወጣ ሲለኝ ፎርማት አድርጌ አጠብኩትና ዊንዶውስ እንደገና ጫንኩ። የስክሪን ካርዱና የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ግን እነዚህ ሲዲዎች ላይ ነው፤ ለጅጋ ጓደኛዬ አውሻቸው ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ላመጣ ወጣሁ። ሰውየው ገጠር ወርዶ ስጠብቀው እዚያው አደርኩ።»

«ድራይቨር ማለት ምን እንደሆነ ለወይዘሮ በለጠች አስረዳቸው።»

«እትዬ፣ ካርዱ ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ ግን እንዴት እንደሚያዘው አያውቅም። የስክሪኑ ድራይቨር ከሌለ ፊደል ያብጣል፣ ቀለም ይሞታል። የኔትወርኩ ከሌለ ደግሞ ገመዱ ቢሰካም፣ መስመሩ ቢኖርም ኢንተርኔት አይገባም።»

«ጫነው።»

ድረስ አንደኛውን ሲዲ ከተተ። ጠበቅን። ስክሪኑ ጨለመ። ተመልሶ ሲበራ ፊደሎቹ ሟሽሸው ቦታቸውን ያዙ፤ ቀለሙ ፈካ። ማስረጃዬ ዓይኔ እያየ ኮሰመነ። ሁለተኛውን ሲዲ ሲጭን ደግሞ ከታች ጥግ ላይ የኢንተርኔት ምልክት የሆኑት ሁለት ትንንሽ ስክሪኖች ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመሩ። ቢጫዎቹ የጥያቄ ምልክቶችም ጠፉ።

«አሁን የስንዴ ፍሬ ይቆጠራል፣ አቶ ትዕዛዙ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ግን ይህ ኮምፒውተር ቀለምም ኢንተርኔትም አልነበረውም። ታዲያ ፊልሙን በምን አዩት?»

«ምናልባት... በሌላኛው ይሆናል።»

«በዚሁ ብለው ፈርመዋል። ሌሎቹም ቢሆኑ መስመር የሚያገኙት በዚህ በኩል ነው። አይደለም፣ ድረስ?»

«ነው።»

«እሺ፣ ኢንተርኔቱ ውሸት ይሁን!» አሉ አቶ ትዕዛዙ። «ሽማግሌው ሲጮኹ ግን እዚህ ነበርኩ።»

«አልነበሩም። ጋሼ፣ ምን ብለው ነበር የጮኹት?»

«ምን እላለሁ! ኮምፒውተሩ ታጥቧል አለኝ፤ መጽሐፌ ጠፋ ብዬ ነዋ። ኮምፒውተርህን ስታጥብ ንቦቼን አብረህ አጠብካቸው፤ የሦስት ወር ልፋቴን ገደልከው ነው ያልኩት።»

«አያችሁ፣ ጋሼ ሲጮኹ ውስጥ የነበረ ሰው ኮምፒውተሩ መታጠቡን ይሰማ ነበር። የሰማ ሰው ደግሞ በዚሁ ኮምፒውተር ፊልም አየሁ ብሎ አይዋሽም። ንግሥቴ ከጎረቤት የሰማችው የጩኸቱን መጨረሻ ብቻ ነው፤ አቶ ትዕዛዙ እሱንም አልሰሙም። የገቡት ጋሼ ከወጡ በኋላ ነው። ስክሪኑንም አላዩትም፤ ዓይናቸው ማጅራት ላይ ነበር። ወይዘሮ በለጠች፣ ለእኔ የነገሩኝን ይንገሯቸው።»

ወይዘሮ በለጠች ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱ። «ባለቤቴ ንስሐ ገብቶ ነበር። በአንድ ሰው ዲፕሎማ ላይ የሌላ ሰው ስም አስገብቻለሁ፤ ሰኞ ሰውየው መሥሪያ ቤት ሄጄ እናዘዛለሁ፤ ቀድሜ ግን ለራሱ ለሰውየው እነግረዋለሁ አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ድረስ፣ ስታጥበው ሁሉም ነገር ጠፋ?»

«ኧረ የለም! ዊንዶውሱ ያለበትን ብቻ ነው ያጠብኩት። ዲ የሚባለው ክፍል ላይ ያለው እንዳለ ነው።»

ከፈተው። የጋሼ ንቦች ከነምዕራፋቸው ብቅ አሉ። ከሥራቸው ሁለት ዲፕሎማዎች አሉ፤ ማኅተማቸው አንድ፣ ቁጥራቸው አንድ። አንደኛው ላይ ምናለ የሚል ስም አለ፤ ሁለተኛው ላይ ትዕዛዙ የሚል።

ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም። ትዕዛዙ ወደ በሩ ተስፈነጠረ፤ ሳጅኑ ወገቡን ያዘው። «የሰኞውን ኑዛዜ ብቻ እንዲተወው ለመንኩት!» አለ። «ጀርባውን ሰጠኝ! ለልመናዬ ጀርባውን ሰጠኝ!»

ካቴናው ከጋሼ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ እጅ ገባ። ወይዘሮ በለጠች ወንበር ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ኢንስፔክተሯም ደብተራቸውን ዘጉ።

ሰው ሥራዬን እንዳይረሳው ሰጋሁ።

«መቼም እውነቱን እንነጋገር፣ ኢንስፔክተር» አልኩ። «ያበጡትን ፊደሎች ከሁሉ ቀድማ ያየች ማናት? ፍንጩን ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሃይለ ሚካኤል ካቴናው ያቀላውን አንጓቸውን እያሹ በዚያ ወፍራም መነጽር አዩኝ።

«አንቺ ያገኘሽው እኔን ነው» አሉኝ።