ከውስጥ የማይከፈት የራስ ቁር

አዛውንቱ ተዋናይ የተገኙት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በመልበሻ ክፍላቸው በር ሥር ተደፍተው ነው። በቴሌቪዥን ተከታታይ የሚጫወቱትን የጠፈር ገዥ ልብስ ከእግር እስከ ራስ እንደለበሱ ነበሩ፤ ደረትና ትከሻ የሚይዝ ጥቁር ጥሩር፣ ባለ ሦስት ጣት ወፍራም ጓንት፣ ከኋላ በሁለት መቀርቀሪያ የሚዘጋ የራስ ቁር። በሩ አልተቆለፈም። ልብስ ሰፊው መቀርቀሪያዎቹን ከፍቶ ቁሩን ሲያነሳላቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር።

መርማሪው ሲደርስ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ እጁን እየታጠበ ነበር።

«አየር አጥሯቸው ነው» አለ ሐኪሙ። «ልባቸውም ደካማ ነበር። የሞቱት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም ይመስለኛል።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ በሩን ተመለከተ። ከታች በኩል፣ ቀለሙ ላይ፣ አዲስ ጭረት አለ። የበሩ እጀታ ክብና ለስላሳ ነው። የሟቹን ጓንት አንስቶ እጀታው ላይ ሞከረው፤ ተንሸራተተ። ደግሞ ሞከረው፤ ተንሸራተተ። ጓንቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

አዘጋጁን ያገኘው በትልቁ አዳራሽ፣ ከኮምፔንሳቶ በተሠራው የጠፈር መርከብ ሥር ነው። ሰውየው ሲጋራ በእጁ ይዞ መለኮሱን ረስቶታል።

«እኔ ቴሌቪዥን የለኝም» አለው መርማሪው። «ተከታታዩን አይቼው አላውቅም። ሰዉን አራት ዓመት የያዘው ምኑ ነው?»

«ሁለቱ ናቸው፤ ገዥውና ልጅቷ። የቀረነው አጃቢ ነን።» አዘጋጁ ወደ መርከቡ ቀና አለ። «ሌላ ቦታ ክፉ ሰው ይጮኻል፣ ይስቃል፣ ይገድላል። የኛ ገዥ ግን ልክ ነኝ ብሎ ያምናል። ከዋክብቱን የሚያጠፋው፣ ሰው ብርሃናቸውን እየተከተለ ጠፈር ውስጥ እንዳይጠፋ ነው፤ ለእሱ ምሕረት ነው። ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያንን ሲናገሩ እኔ ራሴ ካሜራው ጀርባ ቆሜ ‹እውነቱን ነው› እል ነበር።»

«ልጅቷስ?»

«ሊቅ ልጅ መጻፍ አስቸጋሪ ነው። ትላልቅ ቃል አፏ ውስጥ ብትከትባት ተመልካቹን ‹በጥፊ በላት› ያሰኘዋል። የኛዋ ግን ሁሉን አታውቅም፤ ትጠይቃለች። ትልቅ ሰው የማይጠይቀውን። ደራሲዋ ያንን ከየት እንደምታመጣው እንጃ።»

«ዛሬ ምን ልትቀርጹ ነበር?»

«የመጨረሻውን ክፍል። ገዥው ባዶ ራሱን ይመጣና ልጅቷን ‹ወደ ቤትሽ ሂጂ› ይላታል። ጋሼ ለምነው ያስጻፉት ነው። ልጅቷን የምትጫወተው ስትጀምር ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ ሦስት ሆናለች። ‹ልቀቋት፣ እንደ እኩዮቿ ትማር› አሉ። አባቷ ተቆጣ። ደራሲዋ ግን እያለቀሰችም ቢሆን ጻፈችው።»

«ባዶ ራሱን ካልክ፣ የራስ ቁሩ ዛሬ አያስፈልግም ነበራ?»

አዘጋጁ ሲጋራውን ከእጁ ጣለ። «አያስፈልግም ነበር» አለ፣ ገና አሁን እንደገባው።

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። መርማሪው ዝቅተኛ በርጩማ ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ቁሩን ራሳቸው መዝጋት ይችላሉ?»

«በዚያ ጥሩር እጃቸው ከትከሻ አያልፍም። ጓንቱም ከእጅጌው ጋር በመንጠቆ የተያያዘ ነው። የማለብሳቸውም የማወልቅላቸውም እኔ ነኝ።» መሳቢያውን ከፍቶ አንዲት የታጠፈች ነጭ ጨርቅ አሳየ። «መቀርቀሪያው አንገታቸውን ስለሚፍቃቸው ሁልጊዜ ይህችን አደርግበታለሁ። ዛሬ ከዚህ አልወጣችም። አንገታቸው ተልጧል፤ አይቼዋለሁ።»

«ከቁሩ ኋላ ያለችው የአየር ማራገቢያስ? ጠፍታ ነው ያገኘኋት።»

«ያለ እሷ አሥር ደቂቃ አይቆዩም፤ ቁሩ ጥርቅም ብሎ ነው የሚዘጋው። የምናጠፋት ንግግር ሲኖራቸው ብቻ ነው። ዝዝ ስለምትል ድምፃቸውን ትሸፍነዋለች። ተናግረው እንደጨረሱ ወዲያው እንከፍታታለን።»

«መነጽራቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር።»

«በቁሩ ውስጥ አይገባም። ያለ እሱ ደግሞ ፊደል አይለዩም። ሲለማመዱ ሰው ነው የሚያነብላቸው።»

የልጅቷ አባት ጠቡን አልካደም። «ሥራዬን ትቼ ነው ያሳደግኋት፤ ‹ትውጣ› ሲሉ ከፋኝ። ሰደብኳቸው። ትናንት ግን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ አቅፈው ሳሙኝ።» ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከልጁ ጋር ፊት መቀቢያ ክፍል እንደነበረ ሠራተኞቹ ሁሉ መሰከሩለት። አዘጋጁም በዚያ ሰዓት ከመብራት ሠራተኞቹ ጋር አዳራሹ ውስጥ ነበር።

ደራሲዋ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ነበረች። አርባ አምስት ዓመት ግድም የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት። ቀና ሳትል መለሰች።

«ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ጋሼን ያየኋቸው ትናንት ማታ ነው።»

«ይወዷቸው ነበር?»

«የጻፍኩትን ቃል እንደ እሳቸው የገባው ሰው የለም።»

መርማሪው ተመልሶ የመልበሻ ክፍሉን ዳግመኛ ፈተሸ። ከቁም ሳጥኑ ሥር አንዲት ወረቀት አገኘ። ይዟት ወደ ልጅቷ ሄደ። ግማሽ ፊቷ ተቀብቷል፤ ግማሹን እንባዋ አጥቦታል።

«ልጄ፣ ይህን እስቲ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ አነበበች፤ ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች። «ይሄ የኔ ቃል አይደለም።»

«‹ልጅቷ› ይላል እኮ።»

«እዚህ ጋ ‹እማ፣ መብራቱን አታጥፊው› ትላለች። የኔዋ ግን እናት የላትም። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ መርከቡ ላይ ብቻዋን ናት። ገዥው ደግሞ ‹አልወስዳትም፤ ያንቺ ናት› ይላል።» ቀና ብላ አየችው። «ለማን ነው ‹ያንቺ› የሚለው? ከእኔ ሌላ እዚያ ሰው የለም።»

መርማሪው ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ኮሪደሩ ላይ አዘጋጁን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ ደራሲዋ ልጅ አላት ወይ ብሎ።

«ነበራት» አለ አዘጋጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሞተች ሰባት ዓመት ሆናት። ታማ ነው፣ በአሥር ዓመቷ። ስለ እሷ ማንም አያነሳባትም።»

ከቀትር በፊት ሁሉም በመርከቡ ወለል ላይ ተሰበሰቡ። መርማሪው ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ጋሼ ቁሩን ለቀረጻ አልለበሱትም፤ የዛሬው ክፍል አይፈልገውም። ደግሞ ብቻቸውን አልለበሱትም። ያለበሳቸው ሰው አለባበሱን ያውቃል፤ ስለ ጨርቋ ግን አያውቅም። ስለዚህ ልብስ ሰፊው አይደለም። ሲለብሱ የሚያይ እንጂ የማያለብስ ሰው ነው።»

ልብስ ሰፊው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ማራገቢያዋ የምትጠፋው ድምፃቸውን ለመስማት ነው። መነጽራቸውን ስላወለቁ ሰው አንብቦላቸዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ከማለዳው መጥቶ አንድ ትዕይንት ተናገሩልኝ ብሏቸዋል፤ እሳቸውም እሺ ብለዋል። ትዕይንቱ ይኸውና።» ወረቀቷን አወጣ። «ውስጡ አንዲት እናት አለች። በዚህ መርከብ ላይ እናት የለችም። ይህ ለተመልካች የተጻፈ አይደለም፤ የጻፈው ሰው ለራሱ የጻፈው ነው።»

ማንም ዞሮ ደራሲዋን ለማየት አልደፈረም። እሷ ራሷ ተነሳች።

«አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሉልኝ ነበር» አለች። «ሐኪም ቤት ሌሊቱን ሙሉ ስለምነው ሞት አልሰማኝም። ሞት በገዥው ድምፅ ‹አልወስዳትም› ሲል መስማት ፈለግሁ። ጋሼ አዘኑልኝ፤ ለበሱልኝ። እዚያች ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ‹ልጄ፣ ይህን ብልሽ እበድልሻለሁ። አሁንስ ልቀቂያት› አሉኝ። የልጄን ቃል ሁሉ፣ ጥያቄዋን ሁሉ ለዚህች ልጅ ሰጥቼ አራት ዓመት አቆይቻታለሁ። እሳቸው ተከታታዩን አስጨረሱብኝ፤ ዛሬ ደግሞ ይህን ከለከሉኝ። ሁለተኛ የሚገድሏት መሰለኝ። በሩን ዘግቼባቸው ወጣሁ።»

«ማራገቢያዋ መጥፋቷን ረስተው ነበር?» አለ መርማሪው።

«መጀመሪያ ረስቼ ነበር።»

 ልጅቷ ከአባቷ ጎን ተነስታ ወደ ፊት መጣች።

«እትዬ፣ ጋሼ ሲያንኳኩ ሰምተው ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«የት ሆነው?»

«እዚያው በሩ ላይ። ጀርባዬን አስደግፌ።»

«ታዲያ ለምን አልከፈቱላቸውም?»

 በወረቀት ላይ ለልጅቷ ጥያቄ ሁሉ መልስ አዘጋጅታ የኖረችው ደራሲ፣ እጇን ወደ ልጅቷ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ ራሷ ቀድማ በር ላይ ወደቆሙት ፖሊሶች ሄደች።

ልጅቷ ቆማ ቀረች። አገር ምድሩ ከዕድሜዋ በላይ አዋቂ ናት ሲላት የኖረችው ልጅ ቁጭ ብላ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች እሪ ብላ እንደ ትንሽ ልጅ አለቀሰች። «ቀጥ በይ፣ ሰው ያይሻል» ማለት የሚያበዛው አባቷ ዛሬ ኮቱን አውልቆ ወለሉ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ራሷን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዛት።

አዘጋጁ መብራቶቹን በየተራ አስጠፋ። መርማሪው አባትና ልጅ የተቀመጡበትን ቦታ የሚያበራውን አንዱን ብቻ እንዲተዉላቸው በእጁ አመለከተና፣ ኮቴውን ሳያሰማ ወጣ።