አልታየሽና ሦስቱ ደብዳቤዎች

ሎንደን፣ ዌምብሊ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ጠባብ ፍላት፣ አልታየሽ ከባሏ ከብዙነህና ከአንድ ልጇ ከሶልያና ጋር ሃያ ዓመት ኖረች። ወሎ ሳለች ቤተሰቦቿ ከሦስተኛ ክፍል አስወጥተው ጥጥ መፍተል፣ የእንግዳ እግር ማጠብ፣ ለባል አንገት መድፋት አስተማሯት። ስለ ገላዋ ማውራት ነውር፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ድፍረት መሆኑንም በአርጩሜ ነገሯት። ይህንንም ጨዋ አስተዳደግ ብለው ጠሩት! ሎንደን መጥታ በነፃ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ኮሌጅ ብታገኝ፣ ብዙነህ "ከማን ጋር ልታወሪበት ነው?" ብሎ ሳቀባት፤ እሷም ሳትማር ቀረች።

ሶልያና ግን እምቢ አለች። ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ስትነሳ አባቷ ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ ወረወረው። "ሴት ልጅ ብቻዋን ሌላ ከተማ አታድርም! ከወጣሽ እናትሽ ጋም እንዳትደውዪ!" አልታየሽ በሩ ጋ ቆማ መሬት መሬት አየች። አንዲት ቃል እንኳ አልወጣትም...

ሶልያና በወጣች በሁለተኛው ዓመት አልታየሽ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ወራት ደብቃ በመጨረሻ ብቻዋን የሰፈሩ ሐኪም፣ ጂፒ፣ ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ "የሆስፒታል ቀጠሮ በፖስታ ይመጣልሻል" አለቻት። መጣ። "እስቲ ይህን ቢያዩልኝ" ብላ ለባሏ ሰጠችው። ከሂትሮው ኤርፖርት የሥራ ፈረቃ የገባው ብዙነህ ሳይከፍት "ማስታወቂያ ነው" ብሎ ጣለው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም! የጡቷን ነገር ለወንድ መናገር ነውር ነውና ምን እንደምትጠብቅ አልነገረችውም። ይህን ነውር ማን አስተማራት? እኛ አይደለንም?

ኩሽና ውስጥ ወድቃ በአምቡላንስ ስትወሰድ የጡቷ ካንሰር ሳንባዋ ገብቶ ነበር። ሶልያና ከሆስፒታሉ ተደውሎላት ከሊድስ ደረሰች። ሐኪሙ "ሦስት ጊዜ ቀጥረናት ቀረች" ቢላት ወደ አባቷ ዞረች።

"ዳዲ፣ ሌተር መጥቶላት ነበር?"

ብዙነህ አልጋው ሥር ተንበረከከ። "አልታየሽ... ይቅር በይኝ..."

አልታየሽ ፊቷን አዞረችበት። የልጇን እጅ ያዘች። "አንቺ ይቅር በይኝ። ሲያባርርሽ አፍ እያለኝ ዝም አልኩ።"

"ኖ ማሚ፣ ፕሊስ፣ እንደሱ አትበዪ!"

በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።

ለቅሶ ላይ ሰዉ "ዕድሏ ነው፣ ምን ይደረግ" አለ። ሶልያና ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። "ዕድል አይደለም! ማንበብ ከለከላችኋት፣ መናገር ከለከላችኋት፣ ሞተች!" አንዲት ሴትዮ "ተይ ልጄ፣ ሴት በሰው ፊት አትጮህም" ብላ ነጠላዋን ጎተተቻት። እሷ ግን ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፤ አባቷም አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

ፈጣሪ ለዚህች ሴት አፍም ዓይንም ሰጥቷት ነበር። የነጠቅናት እኛ ነን። ዕድል እያልን ኃጢአታችንን በፈጣሪ አናላክክ!