ሙሉ ስሙን ያልጠራሁት ቪዲዮ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሳቄ የሚቀድመኝ ሴት ነኝ፣ ጸሎት ቤት ያደግሁ፣ ጥላዬን የማልፈራ፣ ስለዚህ ይህን ስትሰሙ «አስቴርን ደግሞ ምን ነካት» ብትሉ አልቀየማችሁም፣ ግን እመኑኝ፣ የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ባለፈው ክረምት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ቪዲዮ ነበር፣ ጨለማ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሰማል፣ ያልቃል። ሰውን ያሳበደው የፋይሉ ስም ነው፣ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ፣ አንዱ የባንክ ሚስጥር ቁጥር ነው ይላል፣ ሌላው የጠፋ ሰው ያለበት ቦታ ነው ይላል፣ ጎረምሳው ሁሉ ስሙን ጮክ ብሎ እያነበበ ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። ያላነበብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የፋይሉ ስም የሚጀምረው የባሌ አባት ስም በሚጀምርበት ድምፅ ነዋ፣ እኛ ጋ ደግሞ ያገባች ሴት ለአማቷ ክብር ስትል ያንን ድምፅ ከአፏ አታወጣም፣ እዚህም አልጽፈውም።

ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠው ዘይነባ ትስቅብኛለች።

«ሽማግሌው ከሞቱ ቆዩ፣ ባልሽም ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ደብዛው ጠፋ፣ ማንን አፍረሽ ነው አንቺ?»

«ቤቱን» አልኳት።

«እስቲ በይው!»

«ያባባ ሰባት ኪው» አልኩ፣ በዚያ ድምፅ ቦታ «ያባባ» የሚል የራሴን ቃል ተክቼ፣ እሷ በሳቅ ጣቃው ላይ ተደፋች።

የእኔ ልብ ግን ሳቁ ውስጥ አልነበረም። ወንድሜ ከዶዮገና ደውሎ «እስከ መቼ ባዶ ቤት ትጠብቂያለሽ፣ ነገ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሎኝ፣ እሺ ብዬው ነበር።

መሸት ሲል ዕቃዬን ቋጥሬ ተቀመጥኩ፣ መብራት ጠፍቷል፣ ዝምታው ሲከብደኝ ያንኑ ቪዲዮ ከፈትኩ። ዝናቡ ወረደ። ከዝናቡ ሥር ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ ይኼ ከዚህ በፊት አልነበረም፣ ቀጥሎ ወንበር ሲጢጥ ሲል፣ ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ቀስ ብላ «ያባባ ሰባት ኪው» አለች። ልክ እንደኔ። ድምፁ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የእኔ ነው፣ ያረጀ የእኔ ድምፅ። ቀጠለችና «በሩን ዛሬም አልቆለፍኩትም» አለች፣ አለቀ።

ደጋግሜ ከፈትኩት፣ ዝናብ ብቻ። ጠዋት ዘይነባ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አዳመጠችው፣ ዝናብ ብቻ፣ «አስቱዬ፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ይሆናል» አለችኝ፣ አልሳቀችም ግን።

ወንድሜ መጣ፣ ተጨቃጨቅን፣ ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ። ያቺ ሴትዮ «ጠብቂው» ነው ያለችኝ፣ ወይስ «እንደኔ ሳታረጂ ውጪ»? እስካሁን አልገባኝም። ማታ ማታ ቁልፉን ይዤ በሩ ጋ እቆማለሁ፣ እጄ አይታዘዘኝም፣ እንዲሁ ገርበብ አድርጌው እተኛለሁ፣ አልቆለፍኩትም ብዬ ለራሴ እንኳ ልናገር ስል ግን አፌን በእጄ እይዛለሁ።